ግድቡ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነው፤ ትርፉስ የት ይቀራል?

አሶሳ፦ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን ጉባ ወረዳ፣ ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ በይፋ ተመረቀ። የመሠረት ድንጋዩ በቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም ከተጣለ 14 ዓመት ከአምስት ወር በኋላ መሆኑ ነው። በእነዚህ ዓመታት ስለ ግድቡ ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተጽፏል። የተባለውና የተጻፈው ግን በአብዛኛው ስለ ዓባይ ውኃ፣ ስለ ታችኛው ተፋሰስ አገሮችና ስለ ዲፕሎማሲው ነበር። ግድቡን በአፈሩ ላይ ስላቆመው ክልል የተነገረው ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው።

ግድቡ ያለበት ክልል ከግድቡ ምን ያገኛል? የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ብዙዎች መልሱ ግልጽ ይመስላቸዋል። ኃይሉ ከክልሉ ስለሚመነጭ ክልሉ ቀዳሚ ተጠቃሚ እንደሚሆን ያስባሉ። የኤሌክትሪክ አሠራርም ሆነ የአገሪቱ ሕግ ግን እንደዚያ አይሉም። ክልሉ ከግድቡ የሚያገኘው ጥቅም በራሱ የሚመጣ ሳይሆን በዙሪያው የሚተከለው ኑሮ የሚወስነው ነው። ይህን ለመረዳት ከምድሩ መጀመር ያስፈልጋል።

በወንዝ የተከፈለ ምድር

ቤኒሻንጉል ጉሙዝ በኢትዮጵያ ምዕራባዊ ጠርዝ የሚገኝ ሲሆን 50 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። በምዕራብ ከሱዳን፣ በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ከአማራ ክልል፣ በደቡብና በምሥራቅ ከኦሮሚያ ክልል ጋር ይዋሰናል። በ1999 ዓ.ም የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተመዘገበው ነዋሪ ወደ 784 ሺህ የሚጠጋ ነበር። በካሬ ኪሎ ሜትር 16 ሰው ገደማ ማለት ነው። የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ሕዝቦች የክልሉ ነባር ሕዝቦች ሲሆኑ አማራ፣ ኦሮሞ፣ አገውና ሌሎችም በብዛት ይኖሩበታል።

ክልሉ አሶሳ፣ ካማሺና መተከል የተባሉ ዞኖች አሉት። የማኦ ኮሞ ልዩ ወረዳም ከእነዚሁ ጋር ይቆጠራል። በካርታ ላይ አንድ ሆኖ የሚታየውን ይህን ክልል ዓባይ ከመካከሉ ይከፍለዋል። መተከል ከወንዙ በስተሰሜን፣ አሶሳና ካማሺ ከወንዙ በስተደቡብ ናቸው። በመሆኑም የሁለቱ ወገን ኑሮ ወደየራሱ አቅጣጫ ያዘነበለ ሆኖ ኖሯል። የመተከል ገበያ በግልገል በለስና በቻግኒ አድርጎ ወደ እንጅባራና ወደ ባሕር ዳር ይወጣል። የአሶሳ ገበያ ደግሞ በባምባሲ፣ በመንዲ፣ በጊምቢና በነቀምቴ አድርጎ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ይደርሳል። ከግልገል በለስ ተነሥቶ የክልሉ ርእሰ ከተማ ለመግባት የሚፈልግ ባለጉዳይ የጎረቤት ክልሎችን አቋርጦ ዙሪያ ጥምጥም የሚሄድበት ዘመን ረጅም ነበር።

ዓባይን ከሚቀላቀሉት ወንዞች ዋና ዋናዎቹ ደዴሳ፣ ዳቡስና በለስ ይህንኑ ምድር ያቋርጣሉ። ዝናቡ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በአብዛኛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘንባል። በዓባይ ሸለቆ ያለው ቆላ ሙቀቱ ብርቱ ሲሆን ወባ ይበረታበታል። የቆላ ዝንብ የምታስተላልፈው የገንዲ በሽታ ደግሞ የቀንድ ከብት ርባታን ይፈትናል። በብዙ የጉሙዝ መንደሮች እርሻው በበሬ ሳይሆን በእጅ መቆፈሪያ የሚከናወንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ግድቡ ለምን በጉባ ሆነ?

ዓባይ ከጣና ሐይቅ ሲነሣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የሱዳን ድንበር ሲደርስ ወደ 500 ሜትር ይወርዳል። በዚህ ጉዞው ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋና ከወለጋ የሚፈሱትን ወንዞች ሁሉ ይሰበስባል። ስለዚህ ውኃው ተሰብስቦ የሚያልቀው በድንበሩ አቅራቢያ ነው፤ በዓመት በአማካይ 49 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ገደማ ይሆናል። የአሜሪካ የመሬት መልሶ ማልማት ቢሮ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ1956 እስከ 1964 የዓባይን ተፋሰስ ሲያጠኑ በድንበሩ አቅራቢያ ለግድብ የሚሆን ስፍራ ያመለከቱትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ዋናው ግድብ 145 ሜትር ከፍታና 1,780 ሜትር ገደማ ርዝመት አለው። ውኃው በጎን በኩል ባለው ዝቅተኛ መሬት እንዳያመልጥ ደግሞ ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የኮርቻ ግድብ ተሠርቷል። ከኋላው የተኛው ሐይቅ ሙሉ ሲሆን 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውኃ ይይዛል፤ ይህም ወንዙ በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ከሚያመጣው ውኃ ጋር ይመጣጠናል። ከጣና ጋር ሲነጻጸር ስፋቱ ከጣና ይጠባል፤ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። የሚይዘው ውኃ ግን ከጣና ከእጥፍ በላይ ነው። ጣና ዝርግና ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ ሐይቅ ሲሆን ይህኛው በገደላማ ሸለቆ ውስጥ የተከተተ ነውና። ሐይቁ ንጋት ተብሎ ተሰይሟል።

ተርባይን የሚያዞረው የውኃው ብዛት ብቻ ሳይሆን ውኃው የሚወርድበት ከፍታም ነው። በጉባ ሁለቱም ተገናኙ። 13 ተርባይኖች በድምሩ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። የመጀመሪያው የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም ሥራ ጀመረ፤ ሌሎቹም በየተራ ተከተሉ።

ከራስ በላይ የሚያልፍ መብራት

የመነጨው ኃይል ከጉባ የሚወጣው በሁለት ዐበይት አቅጣጫዎች ነው። በ500 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ ደዴሳ፣ ከዚያም ወደ ሆለታ ይሄዳል፤ በ400 ኪሎ ቮልት መስመር ደግሞ ወደ በለስ ይሄድና ከሰሜኑ መረብ ጋር ይገናኛል። ይህ አሠራር የግድ ነው። ኃይል ረጅም መንገድ ሲጓዝ በሽቦው ሙቀት የሚባክነው እንዲቀንስ በከፍተኛ ቮልቴጅ መላክ አለበት።

ችግሩም ከዚሁ ይመነጫል። በ500 ኪሎ ቮልት የሚሄድ ኃይል አምፖል አያበራም፤ ወፍጮም አያዞርም። መጀመሪያ በትልቅ ማከፋፈያ ጣቢያ ወደ 132 ወይም 66 ኪሎ ቮልት መውረድ አለበት። ቀጥሎ ወደ 33 ወይም 15 ኪሎ ቮልት ይወርዳል። በመጨረሻም በየመንደሩ በሚተከል ትራንስፎርመር 380 እና 220 ቮልት ሆኖ ወደየቤቱ ይገባል። እያንዳንዱ ደረጃ ገንዘብ፣ ምሰሶ፣ ሽቦና ባለሙያ ይጠይቃል። ሰው ተራርቆ በሚኖርበት ቆላ ደግሞ ለአንድ አባወራ የሚወጣው ወጪ ከደጋው እጅግ ይበልጣል። የከፍተኛ መስመር ምሰሶ በማሳው ዳር ተተክሎ ማታ በኩራዝ የሚያመሽ ገበሬ መኖሩ ከዚህ የተነሣ ነው። ሁኔታው የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ብቻ አይደለም፤ ከኢትዮጵያ ሕዝብ ግማሽ ገደማ የሚሆነው ገና የመብራት ተጠቃሚ አልሆነም።

ሥራው በሁለት ተቋማት የተከፈለ መሆኑም መታወቅ አለበት። ቀድሞ አንድ የነበረው ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም ለሁለት ተከፍሎ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጨቱንና ማስተላለፉን፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ ማከፋፈሉንና መሸጡን ይዟል። ግድቡ የመጀመሪያው ተቋም ነው። የመንደሩ መብራት የሁለተኛው ነው። ስለዚህ የግድቡ መጠናቀቅ የመንደሩን ትራንስፎርመር አያቀርብም፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው በጀትና ዕቅድ ለብቻው ነው።

ገቢው የማን ነው?

ከኃይሉ ሽያጭ የሚገኘው ገንዘብስ? እዚህ ላይ የ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት ግልጽ ነው። አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 11 ከአንድ ክልል በላይ የሚያገናኙ ወይም የአገሪቱን ድንበር የሚሻገሩ ወንዞችንና ሐይቆችን አጠቃቀም የመወሰንና የማስተዳደር ሥልጣንን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። በአንቀጽ 96 መሠረት የፌዴራል መንግሥት ባለቤት ከሆነባቸው ድርጅቶች የሚሰበሰበው የገቢና የትርፍ ግብርም የፌዴራል መንግሥት ነው። ግድቡ በፌዴራል ድርጅት የሚተዳደር በመሆኑ የሚያስገኘው ገቢ በቀጥታ ወደ አሶሳ አይሄድም። ክልሉ የሚደርሰው እንደ ሌሎቹ ክልሎች ሁሉ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ቀመር በሚከፋፈለው ድጎማ በኩል ነው።

ለዚህ አደራረግ አጥጋቢ ምክንያት አለው። ግድቡ የተሠራው በመላው አገሪቱ ዜጎች ቦንድና መዋጮ፣ በመንግሥት ካዝናና በባንክ ብድር ነው፤ የሚገድበው ውኃም በአብዛኛው ከሌሎች ክልሎች ደጋ የወረደ ነው። ይሁንና የግድብ አስተናጋጅ አካባቢን የሚመለከት ልዩ ሕግ ያላቸው አገሮች አሉ። በኖርዌይ የኃይል ማመንጫ የተሠራባቸው ማዘጋጃ ቤቶች ዓመታዊ የፈቃድ ክፍያ ያገኛሉ፤ ከሚመነጨው ኃይልም የተወሰነውን እስከ አሥር በመቶ በማምረቻ ዋጋ የመግዛት መብት አላቸው። የጋና ታሪክ ግን ተቃራኒው ነው። የአኮሶምቦ ግድብ በ1950ዎቹ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ሲሠራ 80 ሺህ ገደማ ሰዎች ከቀያቸው ተነሡ፤ ከተነሡት ብዙዎቹ የሰፈሩባቸው መንደሮች ለዐሥርተ ዓመታት መብራት አላገኙም።

ሕገ መንግሥቱ ለክልሎች የተወላቸው የገቢ ምንጮች በአንቀጽ 97 ተዘርዝረዋል። በግል ድርጅቶች ከተቀጠሩ ሠራተኞች የሚገኝ የሥራ ግብር፣ ከግል ነጋዴዎች የሚገኝ ግብር፣ ከገበሬዎች የሚገኝ የእርሻ ገቢ ግብር፣ ከመሬት መጠቀሚያ ክፍያና ከአነስተኛ ማዕድን ሥራዎች የሚገኝ ሮያሊቲ የክልሎች ነው። ዝርዝሩን በጥንቃቄ ላነበበው የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ግድቡ ራሱ ለክልሉ ግብር አይከፍልም። በግድቡ ኃይል የሚሠራ የዘይት መጭመቂያ፣ በሐይቁ ዳር የሚከፈት የዓሣ ማቀዝቀዣ፣ በመንገዱ ዳር የሚቆም ጋራዥ ግን ለክልሉ ይከፍላሉ።

ከግድቡ በፊት የነበረው ወርቅ

ክልሉ ከግድቡ በፊት በዓለም የታወቀው በወርቁ ነው። የግብፁ ገዥ ሙሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. ከ1820 ጀምሮ ሠራዊቱን ወደ ሱዳን ሲያዘምት ካጓጉት ነገሮች አንዱ የፋዞግሊና የቤላ ሻንጉል ወርቅ ነበር። በ1890 ዓ.ም በራስ መኮንን የተመራው የዳግማዊ ምኒልክ ዘመቻ አካባቢውን ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ሲያገናኝም፣ ቀጥሎ የአሶሳው ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ለቤተ መንግሥቱ ይገብሩ በነበረ ጊዜም ወርቁ የግንኙነቱ ዋና ማሰሪያ ነበር።

ዛሬም በመንጌ፣ በሸርቆሌና በኩርሙክ ወረዳዎች ወርቅ ማጠብ የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ነው። ከዝናቡ በኋላ ጅረቶች ያጋለጡትን አሸዋ በገበቴ እያጠቡ ወርቁን የሚለዩት በርካቶቹ የበርታ ሴቶች ናቸው። ወርቅ ለእነርሱ እህል በሚያልቅበት ወቅት የሚመዘዝ ጥሪት ነው፤ ሰብል ሲከስር ጎተራ ይሆናል። ሥራው ግን አደጋ አለው። የተቆፈረ ጉድጓድ ይደረመሳል፤ ወርቁን ለመለየት የሚጨመረው ሜርኩሪ የሰውን ጤናና ውኃውን ይበክላል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ገበያው በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተወሰነ በኋላ ለብሔራዊ ባንክ የሚቀርበው ወርቅ በብዙ እጥፍ ጨመረ። ከዚያ በፊት በሕጋዊው ዋጋና በጥቁር ገበያው መካከል የነበረው ሰፊ ልዩነት ወርቁን በኮንትሮባንድ ወደ ጎረቤት አገር ይገፋው ነበር። ወርቅ ድንበር አሻግሮ መሸጥ ለአጣቢዋ ጥቂት ብር ቢጨምርላትም ክልሉ ከአነስተኛ ማዕድን የሚያገኘውን ሮያሊቲ ያሳጣዋል።

በሌላ በኩል አላይድ ጎልድ የተባለው የካናዳ ኩባንያ በኩርሙክ ከፍተኛ የወርቅ ማዕድን ግንባታ ጀምሯል። ከፍተኛ ማዕድን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 98 መሠረት የፌዴራሉና የክልሉ የጋራ የገቢ ምንጭ ነው። እንዲህ ያለ ማዕድን ድንጋይ ለመፍጨት ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ኃይሉ በናፍጣ ጄኔሬተር ቢመጣ ዋጋው ውድ ይሆናል፤ ከብሔራዊው መረብ ሲመጣ ግን ይረክሳል። በዚህ በኩል የግድቡ ኃይልና የክልሉ ወርቅ ይገናኛሉ። ለማዕድኑ የሚዘረጋው መስመር በሚያልፍባቸው መንደሮች ማከፋፈያ እንዲኖረው ከተደረገ ደግሞ ጥቅሙ ከኩባንያው አልፎ ወደ ነዋሪው ይደርሳል።

ሐይቁ የወሰደውና የሚሰጠው

ንጋት ሐይቅ የተኛበት ሸለቆ ባዶ አልነበረም። በጉባ፣ በወምበራ፣ በሸርቆሌ፣ በሲርባ አባይና በአጎራባች ወረዳዎች በወንዙ ዳር ይኖሩ የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ በብዛት የጉሙዝና የበርታ ተወላጆች፣ ወደ አዳዲስ መንደሮች ተዛውረዋል። የወንዙ ዳር ለእነርሱ የዓሣ ማጥመጃ፣ የወርቅ ማጠቢያ፣ የማር መቁረጫና ውኃው ሲሸሽ የሚዘራበት ለም መሬት ነበር። የመንደር ምሥረታው ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላና የውኃ ቧንቧ ማቅረብን ታሳቢ ያደረገ ነው። ነገር ግን ከወንዙ የሚገኘው ይህ ሁሉ የገቢ ዓይነት በገበያ ስለማይመዘን በካሳ ተመን ውስጥ በቀላሉ አይገባም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ተመጣጣኝ የገንዘብ ወይም ሌላ አማራጭ ማካካሻ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። ሌላ አማራጭ ማካካሻ ከሚባለው ውስጥ በእጅ ያለው ትልቁ ሀብት ሐይቁ ራሱ ነው።

ሐይቁ ዓሣ ይዟል፤ ማስገሩም ተጀምሯል። ይሁን እንጂ ዓሣ ከወርቅ ይለያል። ወርቅ ዓመት ቢቀመጥ አይበላሽም፤ በጉባ ሙቀት የወጣ ዓሣ ግን ጀምበር ሳትጠልቅ ይበላሻል። ዓሣ ገንዘብ የሚሆነው የጀልባ ማረፊያ፣ የበረዶ ማምረቻ፣ ማቀዝቀዣ ያለው መኪናና ገዥ ያለበት ከተማ የሚያደርስ መንገድ ሲኖር ነው። በረዶውም ሆነ ማቀዝቀዣው ኤሌክትሪክ ይጠይቃሉ። ሐይቁ ላይ የማስገር ቅድሚያ ከቀዬአቸው ለተነሡት ካልተጠበቀ መረብ፣ ጀልባና ካፒታል ይዘው ከሌላ ቦታ የሚመጡት ይቀድሟቸዋል። የተነሡትም በቀድሞ መሬታቸው ላይ በተኛው ውኃ የቀን ሠራተኛ ሆነው ይቀራሉ።

ሐይቁ የመንገድን ነገርም ለውጧል። ቀድሞ በበጋ ወንዙን በታንኳ ይሻገሩ የነበሩ መንደሮች አሁን በሰፊ ውኃ ተለያይተዋል። በአንጻሩ ለግንባታው ሲባል በግድቡ ግርጌ የተሠራው ድልድይ ሰሜኑንና ደቡቡን ያገናኛል። ሐይቁ ሙሉ ሲሆን ወደ ላይ 246 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘረጋል። በደንብ የተደራጀ የጀልባ አገልግሎት ቢኖረው ዓባይ ለዘመናት የለያያቸውን የመተከልንና የካማሺን ዳርቻዎች ሊያገናኝ ይችላል። ከዚህ ጋር የተጋው ውኃ ለወባ ትንኝ መራቢያ የሚሆንባቸው የዳርቻ ቦታዎች ስላሉ የአጎበርና የጤና ኬላ ጉዳይ የሐይቁ ልማት አካል ሆኖ መታየት አለበት።

ሐይቁ ዕድሜ አለው። ዓባይ በየዓመቱ ከደጋው ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ደለል እየጠረገ ያወርዳል። ቀድሞ ሱዳን ደርሶ የሮሰይረስን ግድብ ይሞላ የነበረው ይህ አፈር አሁን በንጋት ይቀራል። ስለዚህ በጎጃምና በወሎ ተራሮች የሚሠራው እርከን፣ በወለጋ የሚተከለው ችግኝና በመተከል የሚጠበቀው የቀርከሃ ደን ሁሉም የአንድ ሐይቅ ጠባቂዎች ናቸው።

ቀርከሃው፣ ማንጎውና አኩሪ አተሩ

ኢትዮጵያ ወደ አንድ ሚሊዮን ሄክታር የሚገመት የቀርከሃ ሀብት እንዳላት ይነገራል። ከዚህ የቆላው ቀርከሃ በአብዛኛው የሚገኘው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነው። የቆላ ቀርከሃ ግንዱ ድፍን በመሆኑ ለቤት፣ ለአጥርና ለዕቃ ይመረጣል፤ በክረምት የሚወጣው ቡቃያም ለምግብ ይውላል። ቀርከሃው በብዙ ዐሥርተ ዓመታት አንድ ጊዜ በጅምላ አብቦ ይሞታል። ዘሩ ሲወድቅ ከእሳትና ከግጦሽ ከተጠበቀ ደኑ ራሱን ይተካል፤ ካልተጠበቀ ግን ሄክታር በሄክታር ይጠፋል።

የአሶሳ ማንጎ በመላው አገሪቱ ይታወቃል። ሁሉም በአንድ ሰሞን ስለሚደርስ ዋጋው ይወድቃል፤ የተረፈው በዛፉ ሥር ይበሰብሳል። ከ2002 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ ከወለጋ የተስፋፋው የማንጎ ነጭ ተባይም ምርቱን ጎድቶታል። በመተከል የፓዌ ግብርና ምርምር ማእከል በአኩሪ አተር ዘር ለዓመታት ሠርቷል፤ ሰሊጥና ለውዝም በስፋት ይመረታሉ። ከጉባ ቆላ ደግሞ ዕጣን ይወርዳል። እነዚህ ሁሉ በአብዛኛው ሳይቀነባበሩ በጆንያ ተጭነው ይወጣሉ። ዘይቱ የሚጨመቀው፣ ጭማቂው የሚታሸገው፣ ሥራ የሚፈጠረውና ግብሩ የሚከፈለው በሌላ ቦታ ነው። በየወረዳው አስተማማኝ ኃይል ቢደርስ መጀመሪያ የሚለወጠው ይህ ነው።

መሬቱን በተመለከተ አንድ የቆየ አለመግባባት አለ። የጉሙዝ ገበሬ አንድን ማሳ ጥቂት ዓመት አርሶ አፈሩ እንዲያገግም ይተወዋል፤ ከዓመታት በኋላ ይመለስበታል። ይህን ልማድ የማያውቅ እንግዳ ጦሙን ያደረ መሬት ሲያይ ባለቤት የሌለው ይመስለዋል። በ2000ዎቹ ለሰፋፊ እርሻዎች ከተሰጡት መሬቶች ጥቂት የማይባሉት ሳይለሙ ቀርተዋል፤ በአንጻሩ ነዋሪው የሚመለስበትን ማሳ አጥቷል። የክልሉን ጸጥታ ካደፈረሱት ቅራኔዎች አንዱ ሥር ከዚህ ይጀምራል።

ሰላምና መንገድ

አካባቢው ለሰፈራ እንግዳ አይደለም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች በአሶሳ ዙሪያ አምባ በተባሉ መንደሮች ሰፍረዋል። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ደግሞ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ በፓዌ ቁጥር በተሰጣቸው መንደሮች ገብተዋል። ነባሩና ሰፋሪው በገበያ፣ በዕድርና በአበልጅነት ተሳስረው ለረጅም ዘመን ኖረዋል። ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ ግን በካማሺ፣ ቀጥሎም በመተከል የበረቱት ጥቃቶች ብዙ ሕይወት ቀጥፈዋል። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ በተፈጸመው ጥቃት ብቻ ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ገልጿል። በ2015 ዓ.ም መጀመሪያ የክልሉ መንግሥት ከጉሙዝ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ ጋር የሰላም ስምምነት ፈርሟል።

የሰላም ዋጋ በገበያ ላይ ወዲያው ይታያል። የወለጋው መንገድ ሲዘጋ አሶሳ ላይ የሸቀጥ ዋጋ ይወደዳል፤ የአሶሳ ማንጎ ደግሞ ገዥ ያጣል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም በሱዳን የተቀሰቀሰው ጦርነት የድንበር ንግዱን አውኮ በኩርሙክ በኩል ብዙ ስደተኞችን አምጥቷል። ባምባሲ፣ ጾሬና ሸርቆሌ ቀድመው ስደተኞችን ያስጠለሉ መጠለያዎች ሲሆኑ ለአዲሶቹ ስደተኞች የዑራ መጠለያ ተጨምሯል። በውኃ፣ በማገዶና በገበያ ላይ የሚያርፈውን ጫና የሚሸከመው በአካባቢው ያለው ነዋሪ ነው።

የሚቀረው ሥራ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ሲደመር የሚሰጠው ትርጉም አንድ ነው። ግድቡ ለአገሪቱ የሚሰጠው ኃይል ተርባይኑ ሲዞር ይጀምራል። ለክልሉ የሚሰጠው ጥቅም ግን የሚጀምረው ተርባይኑ ካበቃበት ነው። በወረዳ ከተሞች የሚቆመው ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ለተነሡት ሰዎች የሚጠበቀው የማስገር መብት፣ በዳርቻው የሚሠራው የጀልባ ማረፊያ፣ አጣቢዋ ወርቋን በተገቢው ዋጋ የምትሸጥበት ሕጋዊ ገበያ፣ ነባሩ የመሬት ይዞታ የሚከበርበት ምዝገባ፣ ሰውና ሸቀጥ ያለ ሥጋት የሚመላለስበት መንገድ ሲሟሉ ግድቡ የቤኒሻንጉል ጉሙዝም ይሆናል።

ከእነዚህ አንዱም እንደ ግድቡ 14 ዓመት አይፈጅም፤ እንደ ግድቡም ቢሊዮን ዶላሮች አይጠይቅም። ይሁን እንጂ እንደ ግድቡ የመሠረት ድንጋይና የምረቃ ቀን ስለሌላቸው በቀላሉ ይዘነጋሉ። በጉባ አዲስ መንደር የምትኖር እናት የግድቡን ፍሬ የምትመዝነው በሜጋ ዋት አይደለም። ማታ ልጇ በምን ብርሃን እንደሚያጠና፣ እህሏን የት ሄዳ እንደምታስፈጭ፣ ባሏ ያሰገረው ዓሣ ሳይበላሽ ገበያ መድረሱን አይታ ትመዝነዋለች።